የሚበላ እንጉዳይም የማይስማማው ሰው አለ

በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ፣ በግንደወይን ዙሪያ፣ እንጉዳይ የሚለቀመው በክረምት ነው። ወቅቱ ከፍልሰታ ጾም ጋር ስለሚገጣጠም ለወጥ ይፈለጋል። «አባቶቻችን ሲበሉት ኖረዋል» መባሉ ግን ለእያንዳንዱ ሰው ይስማማል ማለት አይደለም።

አለርጂ የሚባለው ሰውነት ሌላውን የማይጎዳ ምግብ እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲቆጣ ነው። ብዙውን ጊዜ ከተበላ ከጥቂት ደቂቃ እስከ ሁለት ሰዓት ውስጥ ቆዳ ያሳክካል፣ ሽፍታ ይወጣል፣ ከንፈርና ዓይን ያብጣል። ትንፋሽ ካጠረ፣ ድምፅ ከተዘጋ ወይም ሰው ራሱን ከሳተ የአድሬናሊን መርፌ ያስፈልገዋልና በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ወተት መጋት ትንፋሽ አይከፍትም፤ ሊያንቀውም ይችላል።

ብዙ ጊዜ ተበልቶ የሚከዳም አለ። ጀርመናዊው የእንጉዳይ ሊቅ ዩሊየስ ሼፈር በ1944 እ.ኤ.አ. የሞተው ፓክሲለስ የተባለውን፣ በዘመኑ እንደሚበላ ይቆጠር የነበረውን እንጉዳይ በልቶ ነው። ይህ እንጉዳይ ሲደጋገም ሰውነት የገዛ ቀይ የደም ሕዋሱን እንዲያፈርስ ያደርጋል።

ከ6 ሰዓት በኋላ የሚጀምር ትውከትና ተቅማጥ ደግሞ አለርጂ ሳይሆን ጉበት የሚያጠፋ መርዝ ሊሆን ይችላል። በማግስቱ ሻል ቢለውም ሕመምተኛው ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ ከተለቀመው የተረፈ ካለ ተይዞ ይቅረብ።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት ልዩ ልዩ ዓይነት እንጉዳይ በአንድ ቅርጫት ቀላቅለው አያቅርቡ፤ ሰው ከታመመ የትኛው እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። አንድ ጊዜ ያሳከከው አባል «ትንሽ ልቅመስ» ቢል የልማት ሠራተኛው ይከልክለው።