የፒኤችዲው ገንዘብ ከየት ይመጣል?

ውጭ አገር በሳይንስ ወይም በኢንጂነሪንግ ፒኤችዲ ለመማር ያሰበ ወጣት አስቀድሞ «ፉል ስኮላርሺፕ የት ይገኛል?» ይላል። ከጥያቄው በስተጀርባ ያለው እምነት፣ ገንዘቡ በየዓመቱ ለጥቂት ሜዳሊያ ተሸላሚዎች የሚታደል ስጦታ ነው የሚል ነው። እንዲህ ያለው አለ፤ የጀርመኑ የአካዳሚክ ልውውጥ ድርጅት (ዳድ) የሚሰጠው አንዱ ነው። በነዚህ ዘርፎች ግን ብዙው የዶክትሬት ተማሪ የሚኖረው በሚሠራው ሥራ ነው።

አሜሪካን እንይ። አንድ ፕሮፌሰር ከብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን የምርምር ገንዘብ ሲያገኝ የተማሪው ወርሃዊ ክፍያ፣ ብዙ ጊዜም የትምህርት ክፍያው፣ በፕሮጀክቱ በጀት ውስጥ ይያዛል። ተማሪው ላብራቶሪ ውስጥ ይሠራል፤ አለዚያም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን እያስጠና፣ ፈተና እያረመ ይከፈለዋል። ስለዚህ በትልልቆቹ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች የፒኤችዲ ቅበላ ደብዳቤው አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡን ይዞ ይመጣል፤ ለብቻው የሚሞላ የስኮላርሺፕ ፎርም የለውም። ገንዘብ የሌለው ደብዳቤ የደረሰው ሰው የቤተሰብ ንብረት ከመሸጡ በፊት ደግሞ ቢያስብበት ይሻላል።

ስዊድን ደግሞ ነገሩን የበለጠ ግልጽ ታደርገዋለች። የዶክትሬት ቦታ እንደማንኛውም ክፍት የሥራ ቦታ በማስታወቂያ ይወጣል፤ የተቀጠረው ተማሪ ደመወዝና የዓመት ፈቃድ አለው። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጡ የማስተርስ ተማሪዎች ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መክፈል ስለጀመሩ ብዙዎች «ስዊድንም ተዘጋች» ብለው ትተዋታል። ክፍያው ፒኤችዲን አይነካም።

«ማስተርስ ከሌለህ አትድከም» የሚለው ምክር ግማሹ እውነት ነው። ስዊድንና ጀርመን በአብዛኛው ማስተርስ ይጠይቃሉ፤ አሜሪካ ውስጥ ግን ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ፒኤችዲ መግባት የተለመደ ነው።

ለፕሮፌሰር ኢሜይል መጻፍስ? አውሮፓ ውስጥ ብዙ ጊዜ ቀጣሪው ራሱ ፕሮፌሰሩ ስለሆነ ይጠቅማል። በብዙ የአሜሪካ ትምህርት ክፍሎች የሚወስነው ኮሚቴ ነውና የፕሮፌሰሩ ዝምታ እምቢታ አይደለም። የትም ቢሆን ግን አንድ ዓይነት ደብዳቤ ለመቶ ሰው መላክ ልፋት ብቻ ነው። የፕሮፌሰሩን አንድ ጽሑፍ አንብቦ ስለሱ ሦስት መስመር መጻፍ ይሻላል።

«ቦታ አስይዝልሃለሁ» የሚል ደላላ ላይ ብዙ ቃል አላባክንም። የሚሸጠው የቅበላ ቦታ የለውም።

የማመልከቻ ክፍያው ግን እውነተኛ እንቅፋት ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ከመቶ ዶላር ሊያልፍ ይችላል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ክፍያውን ሊያነሱ የሚችሉበት አሠራር አላቸው። መጠየቅ ያለበት ከመክፈል በፊት ነው፤ የተከፈለ ብዙ ጊዜ አይመለስም። የአሜሪካ ማመልከቻዎች በአብዛኛው ከኅዳር መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ስለሚዘጉ ክፍያው እንዲነሳ የሚጠይቀው ኢሜይል በጥቅምት ቢላክ ጥሩ ነው።