ቁልፍ የሸጠ፣ ቁልፍ የገዛ

አዲስ አበባ ውስጥ ደህና ቦታ ላይ ያለ የቀበሌ ሱቅ ሁለት ዋጋ አለው። አንደኛው ደረሰኝ ላይ የሚጻፈው ወርኃዊ ኪራይ ነው። ለዓመታት ብዙም ሳይነካ የቆየ፣ አንዳንዱ ነጋዴ ከረፋድ ገበያው የሚሸፍነው። ሁለተኛው ደላላ በጆሮ የሚናገረው የቁልፍ ዋጋ ነው። ቁልፍ የገዛ ሰው ቤቱን አልገዛም፤ መሬቱንማ ማንም አይገዛውም። የገዛው በሩ ፊት የሚያልፈውን ሰው ነው። ይህ ሁለተኛው ዋጋ በየትኛውም የመንግሥት መዝገብ ላይ የለም፤ የከተማዋ ንግድ ግን በአብዛኛው የቆመው በእሱ ላይ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት በኋላ ኪራይ ቤቶች ለተባለው መሥሪያ ቤት ደረሱ። ኪራይም ተቀነሰ። የመርካቶና የፒያሳ ነጋዴ ትናንት የግለሰብ ተከራይ ነበር፤ በማግስቱ የመንግሥት ተከራይ ሆነ። ቀበሌ ዛሬ ስሙ ወረዳ ሆኗል፤ ሰው ግን አሁንም «የቀበሌ ቤት» ነው የሚለው።

ኪራዩ እንዳለ ቆመ፣ ከተማዋ ግን አልቆመችም። በሁለቱ መካከል የተፈጠረው ልዩነት አንድ ኪስ መግባቱ አይቀርም ነበር፤ የገባውም ውሉ በስሙ ያለው ሰው ኪስ ነው። እሱ ሱቁን ለሌላ ያከራያል፣ ያ ደግሞ ከፍሎ ለሁለት ሰው ያካፍላል። ከጠረጴዛው ኋላ ቆማ በርበሬ የምትመዝነው ሴት የተከራይ ተከራይ ናት። ሙሉ የገበያ ዋጋ ትከፍላለች፤ ለቀበሌ የሚደርሰው ግን የድሮው ኪራይ ብቻ ነው። ርካሽ ኪራይ ድሃውን ነጋዴ ይደግፋል የሚባለው ነገር በእኔ ግምት እዚህ ላይ ያበቃል።

በ2011 ዓ.ም. የኪራይ ቤቶች ተተኪ የሆነው የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን የንግድ ቤቶቹን ኪራይ በብዙ እጥፍ ሲያሳድግ ምክንያቱ ይኸው ነበር። ሐሳቡ ትክክል ነበር ባይ ነኝ። ስህተቱ አካሄዱ ላይ ነው። በራሱ ስም የሚነግደውንና ቤቱን አከራይቶ ቤቱ የተቀመጠውን ለይቶ ሳያይ ሁለቱንም እኩል መታ። በዋጋ ጭማሪው የተጮኸው ጩኸት ብዙ ነበር፤ ከጩኸቱ ውስጥ ግን የትኛው የነጋዴ፣ የትኛው የአከራይ እንደሆነ ለመለየት ያስቸግር ነበር።

ወደ ፒያሳ እንምጣ። የአራዳ ገበያ ከጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ጣሊያን በወረራው ዘመን የሀገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍቶ ዛሬ መርካቶ የምንለውን ሠራ፣ አራዳን ለአውሮፓውያን አስቀረ። ስለዚህ ፒያሳም መርካቶም በትእዛዝ ከተነሣ ገበያ የተወለዱ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. የአድዋ ድል መታሰቢያ በተመረቀ በሳምንታት ውስጥ የከተማዋን መንገዶች የሚያድሰው የኮሪደር ልማት ሲገባ የፒያሳው ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ፈረሱ። በ2017 መጀመሪያ ላይ ተራው የካዛንቺስ ሆነ። ለብዙዎች የተሰጠው ጊዜ በቀናት የሚቆጠር ነበር።

የቀበሌ ውል ያለው ምትክ የመጠየቅ መብት ነበረው። ባለ ይዞታውም ካሳና ምትክ ቦታ። ቁልፍ የገዛውስ? እሱ የሚያሳየው ወረቀት የለውም። የሚገርመው፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣውም ሆነ በ2013 ዓ.ም. የተካው የንግድ ሕግ ነገሩን በደንብ ያውቀዋል። «የንግድ መደብር» የሚለው ግድግዳውን አይደለም፤ መልካም ዝናውንና የኪራይ መብቱን ጨምሮ ደንበኛ የሚስበውን ነገር ሁሉ ነው፤ ሊሸጥም ሊያዝም ይችላል። የካሳው ስሌት ግን የሚነሣው ከግንባታና ከይዞታ ነው። በሃያ ዓመት የተሰበሰበ ደንበኛ በአንድ ካሬ ስንት እንደሚያወጣ የሚተምን ኮሚቴ አልተቋቋመም።

የተነሣው ነጋዴ ሄዶ የሚያንኳኳው የሕንፃ ባለቤት በር ነው። እዚያ ዋጋው በካሬ ነው፣ የስድስት ወር ወይም የዓመት ቅድሚያ ይጠየቃል፣ ምድር ቤቱ ከተያዘ ቆይቷል። የቀረው ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ሸማች ፎቅ አይወጣም። (ከተማዋ ላይኛው ፎቃቸው ባዶ የሆኑ ሕንፃዎችን መሥራት ለምን እንደማትተው አንድ ቀን የሚያበድሯቸው ባንኮች ቢነግሩን ጥሩ ነበር።) በ2016 የወጣው የኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 የሁለት ዓመት ውልና የጭማሪ ገደብ አምጥቷል፤ ግን ለመኖሪያ ቤት ብቻ ነው። የሱቅ ተከራይ የሚጠለለው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሥር ሲሆን፣ ያ ሕግ ሁለቱም ወገኖች እኩል ተደራዳሪ እንደሆኑ አድርጎ ያስባል። በአንጻሩ በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 በአዲስ አበባ የንግድ ቦታ የወሰደ ሰው 60 ዓመት ይሰጠዋል። እሱ የልጅ ልጁን ያስባል፤ ተከራዩ የሚያስበው መጪውን መስከረም ነው።

ለእውነት ያህል፣ የተሠራው መንገድ ያምራል። የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ በርቷል፣ ምሽት ላይ ከቤተሰቡ ጋር የሚንሸራሸረው ሰው በዝቷል። አስተዳደሩም በኮሪደሩ ዳር ያሉ ንግድ ቤቶች እስከ ምሽቱ 3፡30 ክፍት እንዲሆኑ በደንብ አስገድዷል። ችግሩ የሚንሸራሸር ሁሉ አለመግዛቱ ነው። የሠራተኛ ክፍያ፣ መብራት፣ ታክሲ ሲደመር የማታው ሽያጭ የማይሸፍነው ሱቅ ሞልቷል። በከንቲባ አርከበ ዕቁባይ ዘመን ለወጣቶች የተሰጡትና ሕዝቡ «አርከበ ሱቅ» ያላቸው ትንንሽ ሱቆችም ከብዙ መንገድ ዳር ተነሥተዋል፤ እነሱም ያኔ የመንግሥት ውሳኔ ነበሩ።

አሁን ዓይኑ ሁሉ መርካቶ ላይ ነው። ጥቅምት 2017 ሸማ ተራ ሲቃጠል፣ ከጢሱ እኩል የተነሣው «ሆን ተብሎ ነው» የሚል ወሬ ነበር። በቀጣዩ ወር ሸቀጥ ሊወረስ ነው ተብሎ ሱቅ ሲዘጋ ዋለ፤ አስተዳደሩ ቁጥጥሩ የደረሰኝ ብቻ ነው ብሎ ማስተባበል ነበረበት። የውርሱ ወሬ ሐሰት ቢሆንም የሚያምነው አላጣም፤ ከፒያሳ የመጣው ዘመድ አጠገቡ ቆሞ ይነግረዋላ።

ቀላሉ ሥራ መመዝገብ ይመስለኛል፦ ከማፍረስ በፊት፣ በየሱቁ በእውነት የሚነግደው ማን ነው፣ ለማን ስንት ይከፍላል፣ ስንት ዓመት ሆነው ብሎ መጻፍ። ጠላቱ ግን ብዙ ነው። ውሉ በስሙ የሆነው አከራይ አይፈልገውም፣ ደላላው አይፈልገውም፣ ለዓመታት እያየ ያላየው የወረዳ ቤቶች ሠራተኛም አይፈልገውም። በርበሬ የምትመዝነው ሴትም ስሟን ከማስጻፏ በፊት ሁለት ጊዜ ታስባለች፤ የምትከፍለው እውነተኛ ኪራይ ከተጻፈ፣ አከራይዋ ግብሩን እሷው ላይ ጨምሮ ነገ ውጪ ሊላት ይችላል።