ከቅበላ ሰሞን ወደ ጎዳና፦ የካርኒቫል አመጣጥ

በእኛ ዘንድ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ቅበላ አለ፤ ዶሮውም ክትፎውም ከሁዳዴ በፊት ይበላል። የአውሮፓ ካቶሊኮችም ከአመድ ረቡዕ በፊት ባሉት ቀናት ሥጋና ጮማቸውን ጠግበው በልተው ወደ ጾሙ ይገባሉ። ካርኒቫል ያደገው በዚህ ሰሞን ነው። ምንጩን የጥንት ሮማውያን ለአምላካቸው ለሳተርን ያከብሩት ከነበረው በዓል የሚመዝዙ አሉ፤ በዚያም እንደ ካርኒቫል ሁሉ ደረጃ ተገልብጦ ጌቶች ለባሮቻቸው ማዕድ ያቀርቡ ነበርና። መመሳሰል ግን ዝምድና አይደለም። ከጥንቱ በዓል ይልቅ የቤተ ክርስቲያኑ የጾም አቆጣጠር ጠንካራ መሠረት ይመስለኛል፤ የሪዮም ሆነ የቬኒስ ካርኒቫል ቀን ዛሬም የሚወሰነው በእሱ ነው።

በቬኒስ ጭንብል መኳንንቱንና ተራውን ሰው ያቀላቅል ነበር። ሪፐብሊኳ እ.ኤ.አ. በ1797 በናፖሊዮን እጅ ስትወድቅ በዓሉም ደበዘዘ፤ በድምቀት የተመለሰው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ፖርቱጋሎች ደግሞ በዚሁ ሰሞን ውኃና ዱቄት የሚረጫጩበትን ጨዋታ ወደ ብራዚል ወሰዱ፤ የሪዮ ጥቁሮች ሳምባ የተባለውን ጭፈራቸውን ጨመሩበት፤ የሳምባ ማኅበራቱ ውድድር በ1932 ተጀመረ።

የካርኒቫልን ነፍስ ማየት ለሚሻ ግን የካሪቢያኗን ደሴት ትሪኒዳድን የሚያህል የለም። የስፔን መንግሥት በ1783 ለካቶሊክ ሰፋሪዎች መሬት እንደሚሰጥ ሲያውጅ፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ የእርሻ ባለቤቶች በባርነት የያዟቸውን ሰዎች እየነዱ ወደ ደሴቲቱ ጎረፉ። ባለቤቶቹ በየአዳራሹ በጭንብል ሲጨፍሩ ጥቁሮቹ ከደጅ ቀሩ። በ1838 ሙሉ ነፃነት ከመጣ በኋላ ጎዳናውን የያዙት ነፃ የወጡት ሰዎች ናቸው። በባርነት ዘመን የሸንኮራ አገዳ እርሻ በእሳት ሲያያዝ በጅራፍ እየተነዱ እንዲያጠፉ ይገደዱ ነበር፤ ያንን መከራቸውን ካንቡሌ በተባለ የሌሊት ሰልፍ፣ ችቦ ይዘው፣ ከበሮ እየመቱ በጨዋታ መልሰው አሳዩት። በ1881 ፖሊስ ሰልፉን ሊያስቆም ሲሞክር ፖርት ኦፍ ስፔን ከተማ ውስጥ ከባድ ግጭት ተነሣ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ችቦውና ከበሮው በሕግ ታገደ።

እገዳው ምቱን አላጠፋውም። ወጣቶች ቀርከሃ ቆርጠው መሬት እየመቱ ዜማ አወጡ፤ በ1930ዎቹ ወደ ብስኩት ጣሳና ወደ ሌላም ቆርቆሮ ዞሩ፤ በመጨረሻም ባዶ የነዳጅ በርሜል ቀጥቅጠው፣ እያንዳንዱ ጉብታ የራሱ ድምፅ እንዲኖረው አድርገው ስቲልፓንን ፈጠሩ። የድሃ ሰፈር ልጆች ከተጣለ ብረት ያወጡት ይህ መሣሪያ ዛሬ የአገሪቱ ብሔራዊ የሙዚቃ መሣሪያ ነው። የትሪኒዳድ ሰው ካርኒቫሉን ሰኞ ገና ሳይነጋ ጭቃና ቀለም ተቀብቶ ይጀምራል፤ ማክሰኞ በላባና በጨሌ አጊጦ ይሰለፋል። በእንጨት እግር ከሕዝቡ ራስ በላይ የሚራመደው ሞኮ ጃምቢ የምዕራብ አፍሪካ ውርስ ነው፤ የካሊፕሶ ዘፋኞች ደግሞ ሹማምንቱን በግጥም ይሸነቁጣሉ።

ይህ ባህል ከስደተኞች ጋር ወደ ለንደን ተሻገረ። በ1958 ኖቲንግ ሂል ውስጥ የነጭ ወጣቶች ቡድኖች በካሪቢያን ተወላጆች ላይ ጥቃት ካደረሱ በኋላ፣ ትሪኒዳድ የተወለደችው ጋዜጠኛ ክላውዲያ ጆንስ በጃንዋሪ 1959፣ በክረምቱ ብርድ፣ አዳራሽ ውስጥ ካርኒቫል አዘጋጀች። በ1966 በኖቲንግ ሂል የጎዳና በዓል ተጀመረ፤ ስቲልፓኑም አብሮ ወጣ። የለንደኑ ካርኒቫል አሁን የሚከበረው በኦገስት መጨረሻ ነው፤ የጾሙን ቀን አይጠብቅም።