የወንዶ ገነት ደን፤ ለከተሜው ጥላ ለገበሬው ውኃ

በየካቲትና በመጋቢት ወራት በሐዋሳ ከተማ የቀትሩ ሙቀት 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይደርሳል። ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ ጥቂት ቢያበርድም የቆርቆሮ ጣሪያውና አስፋልቱ እስኪመሽ ድረስ እንደጋሉ ይቆያሉ። ከዚህችው ከተማ በሻሸመኔ በኩል 40 ኪሎ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ግን በዚያው ዕለት፣ በዚያው ሰዓት ነጠላ የሚያስደርብ ጥላ ይገኛል። ይኸውም የወንዶ ገነት ተራራ ደን ነው።

ወደዚህ ደን ሰው የሚሄደው ለመናፈስ ነው። በእግሩ ይወጣል፣ ጥላ ሥር ያርፋል፣ ሲመሽ ይመለሳል። የደኑ ጉዳይ ግን የመናፈሻ ጉዳይ ብቻ አይደለም። እግረኛው በጥላው የሚደሰትበት ዛፍ ከተራራው ግርጌ ላለው ገበሬ የመስኖ ውኃውን የሚያጠራቅምለት ጎተራ ነው። ጎተራው ደግሞ ባለፉት ሃምሳ ዓመታት እየጎደለ መጥቷል። በመሆኑም እግረኛው አንድ ቀን ውሎ የሚያየውን የገበሬ ማኅበር መሪ በየዕለቱ ሊያስብበት የሚገባ ነው።

የአንድ ቀን መንገድ

ሁለት ጓደኛሞች አንድ የእሑድ ቀን በደኑ ሊያሳልፉ ከሐዋሳ ይነሣሉ እንበል። አንደኛው በከተማ ያደገ፣ ሁለተኛው የወንዶ ገነት ገበሬ ልጅ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት በሚኒባስ ከተሳፈሩ ጥቁር ውኃን አልፈው፣ በሻሸመኔ በኩል ዞረው ፀሐይ ሳትበረታ ወንዶ ገነት ይደርሳሉ። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ የወንዶ ገነት ተራሮች ጫፍ ወደ 2,500 ሜትር ይጠጋል። የእግር መንገዱ የሚጀምረው በሁለቱ መካከል ነው።

መጀመሪያ የሚያልፉት በገበሬው ጓሮ ነው። በቤቱ ዙሪያ እንሰት፣ ከእንሰቱ ቀጥሎ ቡና፣ ከቡናው በላይ ጥላ የሚሰጥ ዋንዛና ብሳና፣ ዝቅ ብሎ ውኃ በሚደርስበት መሬት ሸንኮራ አገዳና ጫት ይታያል። ከጓሮው ወጣ ሲሉ የባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጥድ ተከላ ይገጥማቸዋል። እዚህ ዛፉ ሁሉ እኩያ ነው፤ መሬቱም ደረቅ ነው፤ የወፍ ድምፅም ያን ያህል አይሰማም።

ከተከላው በላይ የተፈጥሮው ደን ሲጀምር ሁኔታው ይለወጣል። ዝግባ፣ ቀራሮ፣ ጥቁር እንጨት፣ ሳሳና ብርብራ በየቁመታቸው ተደራርበው ፀሐዩን ይከልላሉ። እግር የሚረግጠው ቅጠል ለስላሳና እርጥብ ነው። ከላይ ጉሬዛ ነጭና ጥቁር ለምዱን ይዞ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ይዘላል። ከተሜው ስለ እያንዳንዱ ዛፍ ሲጠይቅ ጓደኛው ያለ መጽሐፍ ይመልስለታል። ዋንዛ ለሣንቃና ለንብ አበባ፣ ብርብራ ለቡና ጥላ፣ ዝግባ ለቤት ሥራ ይሆናል። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውኃ ውስጥ ሲጨመር ዓሣን እንደሚያሰክር፣ የጥቁር እንጨት ልጥም በውጭ አገር ለመድኃኒት እንደሚፈለግ ሲሰማ ከተሜው ይገረማል። የገበሬው ልጅ ግን አይገረምም። ዝግባ ለመቆረጥ ግማሽ ቀን፣ ለማደግ የሰው ዕድሜ እንደሚወስድበት ያውቃልና።

ቁልቁል ሲመለሱ ጀርባቸው በእንጨት ሸክም የጎበጠ እናቶች ያጋጥሟቸዋል። «እማማ፣ ትንሽ እናግዝዎት?» ቢሏቸው «ተባረኩ ልጆቼ፣ መንገዱ ቁልቁለት ነው» ብለው ያልፋሉ። ለጓደኛሞቹ ደኑ የአንድ ቀን ዕረፍት ነው፤ ለእኒያ እናት የዕለቱ እራት መቀቀያ ነው። የደን ጥበቃ ነገር ሲነሣ ይህን ሸክም የማያይ ውሳኔ ዕድሜው አጭር ነው።

ከመሰነባበታቸው በፊት ከፍል ውኃው ወርደው እግራቸውን ያሳርፋሉ። ወንዶ ገነት ከሁሉ በላይ በዚህ ፍል ውኃ ይታወቃል። ነገር ግን ፍል ውኃውን ብቻ አይቶ የሚመለስ እንግዳ የአካባቢውን ዋና ሀብት ሳያይ እንደተመለሰ ይቆጠራል።

ቅዝቃዜው ከየት ይመጣል?

የተራራ ደን የሚቀዘቅዘው በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛው ከፍታ ነው። በየ100 ሜትሩ ሲወጣ ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይቀንሳል። በመሆኑም ከሐዋሳ 700 ሜትር ከፍ ያለ ሰው ከ4 ዲግሪ በላይ ቅናሽ ያገኛል። ሁለተኛው ጥላ ነው። በቅጠል ላይ ያረፈ ፀሐይ መሬቱን አያግለውም። ሦስተኛው ዛፉ ራሱ የሚሠራው ሥራ ነው። ዛፍ ከሥሩ የመጠጠውን ውኃ በቅጠሉ በኩል ወደ አየር ይተነፍሳል፤ ውኃው ወደ ተን ሲለወጥ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። በእንስራ ያደረ ውኃ በላቡ እንደሚቀዘቅዝ ሁሉ ደንም በላቡ ይቀዘቅዛል።

ከፍታን ማንም አይወስደውም። ጥላውና የቅጠሉ ላብ ግን ከመጥረቢያ ጋር አብረው ይሄዳሉ። ዛፍ የሌለው ተራራ ከፍ ያለ ቢሆንም በቀትር የሚያቃጥለው ለዚህ ነው።

ውኃው የሚጓዝበት መንገድ

በደን መሬት ላይ የወደቀ ቅጠል ሲበሰብስ እንደ ስፖንጅ ሆኖ ዝናቡን ይቀበላል። ውኃው ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ይሠርግና ከወራት በኋላ በምንጭ ይወጣል። በበጋ ጠብታ ዝናብ በሌለበት ሰዓት ምንጭ የሚፈሰው ክረምቱን ያስቀመጠው አፈር ስላለ ነው። ቁልቁለቱ ሲራቆት ግን ያው ዝናብ በአንድ ሰዓት ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል፤ አፈሩንም ይዞ ይሄዳል። በክረምት ጎርፍ፣ በበጋ ድርቅ የሚሆነው ያን ጊዜ ነው።

የወንዶ ገነት ምንጮችና ጅረቶች መጀመሪያ የገበሬውን ቡና፣ አገዳና አትክልት ያጠጣሉ። ከዚያ ወደ ጨለለቃ ይወርዳሉ። ከጨለለቃ የሚወጣው ጥቁር ውኃ ደግሞ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ይገባል። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ሌላ ገባር ወንዝ ሐይቁ የለውም፤ በመሬት ላይ የሚወጣ መውጫም የለውም። 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ይህ ሐይቅ የተቀበለውን ሁሉ ይዞ ይቀራል። ንጹሕ ውኃ ቢገባ ንጹሕ ውኃ፣ ደለል ቢገባ ደለል ያጠራቅማል።

ጨለለቃ ራሱ ከሃምሳ ዓመት በፊት በካርታ ላይ በሐይቅነት የተመዘገበ ነበር። ዛሬ ረግረግና የግጦሽ መሬት ሆኗል። አንድ ሐይቅ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሲጠፋ አባቶች በታንኳ ያለፉበትን ልጆች ከብት ያሠማሩበታል። በአሞራ ገደል ገበያ ቆሮሶና አምባዛ የሚሸጠው አስጋሪ ከወንዶ ገነት ገበሬ ጋር በስም ባይተዋወቅም በአንድ ውኃ የተሳሰሩ ናቸው።

እየጠበበ የመጣው ደን

በሳተላይት ፎቶግራፍ የተደገፈ አንድ ጥናት ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነውን የመካከለኛው ደቡብ ስምጥ ሸለቆ አካባቢ መርምሮ ነበር። በ1964 ዓ.ም. ገደማ የተፈጥሮ ደን ከመሬቱ 16 በመቶውን ይሸፍን ነበር። በ1992 ዓ.ም. የቀረው 2.8 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። ይህም ማለት በ28 ዓመት ውስጥ ከስድስት እጅ አምስቱ ያህል ጠፍቷል ማለት ነው።

ምክንያቱ አንድ አይደለም። የሕዝቡ ቁጥር ጨምሯል፤ እርሻ ወደ ቁልቁለቱ ወጥቷል፤ ከተሞች ከሰልና ማገዶ ይፈልጋሉ። ጫት ገበያ ካገኘ ወዲህ ደግሞ ማሳው ወደ ደኑ ዳር እየተጠጋ መጥቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናትም በወንዶ ገነት የጫት መስፋፋትና የደን መመናመን የተያያዙ መሆናቸውን አሳይቷል። በሌላ በኩል በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በተደረገ ጊዜ በብዙ የአገሪቱ ሥፍራ ጠባቂ ያጣ ደንና ተከላ በጥቂት ወራት ተጨፍጭፏል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። «የመንግሥት ነው» ተብሎ የቆየ ዛፍ መንግሥት ፊቱን ባዞረ ቀን ባለቤት ያጣል።

ገበሬውም ቅሬታ አለው፤ ቅሬታውም እውነት ነው። ዝንጀሮ፣ ጦጣና ከርከሮ ከደን ወጥተው በቆሎና እንሰት ያበላሻሉ። ልጆች ከትምህርት ቀርተው ማሳ ይጠብቃሉ። የደኑ ጉዳት በገበሬው ጓሮ፣ የደኑ ደስታ በከተሜው ዕረፍት ከሆነ ገበሬው ደኑን የሚወድበት ምክንያት አይኖረውም።

የዶዶላ ልምድ

ለዚህ ችግር በጎረቤት ወረዳዎች የተሞከረ መፍትሔ አለ። ከሻሸመኔ በስተምሥራቅ፣ በአዳባና በዶዶላ ተራሮች ደን ውስጥ በጀርመን የቴክኒክ ዕርዳታ የተደገፈ የደን ፕሮጀክት በ1987 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በ1992 ዓ.ም. ደግሞ በደኑ ውስጥ የሚኖሩ ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው ከመንግሥት ጋር ውል ተፈራረሙ። የአንድ ማኅበር አባላት ከ30 አባወራ እንዳይበልጡ፣ ለአንድ አባወራም 12 ሄክታር ያህል ደን እንዲታሰብ ተደረገ። አባላቱ ደኑን የመጠቀምና ሌላውን የመከልከል መብት አገኙ፤ በምላሹ የደን ኪራይ መክፈልና ደኑ እንዳይሳሳ መጠበቅ ግዴታቸው ሆነ።

በዚሁ ተራራ ላይ ለእግረኛና ለፈረሰኛ እንግዳ የማደሪያ ጎጆዎች ተሠሩ። የአካባቢው ወጣቶች መንገድ መሪ፣ ባለ ፈረሶች ጫኝ፣ ሌሎች ደግሞ የጎጆ ጠባቂ ሆኑ። ክፍያው በተወሰነ ዋጋ በመሆኑ እንግዳውም አይከራከርም፣ ባለ ፈረሱም አይጎዳም። ገቢው ሀብታም የሚያደርግ አልነበረም። ይሁን እንጂ የቆመ ዛፍ ገንዘብ እንደሚያመጣ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይን ታየ።

ከአገራችን ውጭም ተመሳሳይ ነገር አለ። በናይሮቢ ከተማ የሚገኘው የካሩራ ደን እ.ኤ.አ. በ1999 ለሕንፃ ሊከፋፈል ሲል በዋንጋሪ ማታይ የሚመሩ ሰዎች ችግኝ ይዘው ተቃወሙ። ደኑ ተረፈ። ከዚያ ወዲህ የናይሮቢ ነዋሪ ገንዘብ ከፍሎ የሚራመድበት ሥፍራ ሆኗል። ማታይም እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት አግኝታለች።

ከማኅበር መሪዎች ምን ይጠበቃል?

የገበሬ ማኅበር በ1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ሲቋቋም ቢያንስ 20 ጋሻ ወይም 800 ሄክታር መሬት እንዲይዝ ተደንግጎ ነበር። ዛሬ ሥራው በቀበሌ አስተዳደር ቢከናወንም ስሙ ከገጠሩ ሰው አፍ አልጠፋም፤ ኃላፊነቱም አልቀረም። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065 የግልና የመንግሥት ደን ብቻ ሳይሆን የማኅበረሰብና የማኅበር ደንም መኖሩን ዕውቅና ሰጥቷል። እንግዲህ ደኑ በሚያዋስናቸው ቀበሌዎች ያሉ መሪዎች የሚጀምሩት ከባዶ አይደለም።

የመጀመሪያው ሥራ ወሰኑን ማወቅ ነው። የማኅበረሰቡ ደን ከየት እስከ የት እንደሆነ ሽማግሌዎች ባሉበት ተለክቶ፣ ምልክት ተደርጎበትና በጽሑፍ ሰፍሮ ካልተያዘ ውሉ ሁሉ በአፍ ይቀራል።

ሁለተኛው ማገዶ ነው። ሴቶች ደረቅ እንጨት የሚለቅሙበት ቀንና ሥፍራ ተወስኖ፣ በየጓሮው ዳርም ለማገዶ የሚሆን ዛፍ ቢተከል በተፈጥሮው ደን ላይ ያለው ሸክም ይቀላል። በዚህ ስብሰባ ላይ ሸክሙን የሚያውቁት ሴቶች ራሳቸው ቃል ሊኖራቸው ይገባል።

ሦስተኛው እግረኛው ነው። የከተማ ሰው ወደ ደኑ መምጣቱን አያቆምም። ጥያቄው መምጣቱ ለማን ይጠቅማል የሚለው ነው። አንድ የታወቀ መንገድ፣ ተራ የሚጠብቁ መንገድ መሪዎች፣ በደረሰኝ የሚሰበሰብ ክፍያ፣ ሒሳቡም በጉባኤ ፊት የሚነበብ ከሆነ ገቢው ለትምህርት ቤት፣ ለምንጭ ማጎልበቻና አውሬ ማሳቸውን ላበላሸባቸው ሰዎች መደጎሚያ ሊውል ይችላል። ደረሰኝ የሌለው ክፍያ ግን ከደኑ በፊት ማኅበሩን ያፈርሳል።

አራተኛው ዕውቀት ነው። የወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ በ1970 ዓ.ም. ገደማ በስዊድን ድጋፍ ተመሥርቶ የአገሪቱን የደን ባለሙያዎች ሲያሠለጥን ቆይቷል፤ አሁን በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር ይገኛል። ለብዙ ማኅበሮች የደን ባለሙያ ማግኘት የቀናት መንገድ ሲሆን፣ ለወንዶ ገነት ገበሬ ግን ባለሙያው ጎረቤቱ ነው። የአገር በቀል ዛፍ ዘርና ችግኝ፣ የትኛው ዛፍ ከቡና ጋር እንደሚስማማ፣ ምንጭ አጠገብ ምን እንደማይተከል ሄዶ መጠየቅ የመሪው ፋንታ ነው።

ገበሬው ዛፍን ከእርሻ ጋር አስማምቶ መኖር የሚማረው ከሌላ አይደለም። ከሲዳማ በስተደቡብ ያለው የጌዴኦ ምድር እንሰት፣ ቡናና ትልልቅ ዛፎች በአንድ ማሳ የሚያድጉበት በመሆኑ በ2016 ዓ.ም. መስከረም ወር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በወንዶ ገነት ጓሮዎችም ያው ጥበብ አለ። የጎደለው ከጓሮው በላይ ላለው ቁልቁለት የሚቆም የጋራ ባለቤት ነው።

ከሐዋሳ የሚመጣው እግረኛ ጥላው ቢጠፋ ሌላ ጥላ ይፈልጋል። ምንጩ የደረቀበት ገበሬ ግን ወዴት ይሄዳል? የተራራውን ደን በመጠበቅ ረገድ ቀዳሚው ሰው ራሱ ገበሬው፣ የገበሬውም ቀዳሚ መሪው ሊሆን ይገባል።