«ግማሽ» ሳይሆን «እጥፍ»፤ አምስት እናቶች ያቋቋሙት ትምህርት ቤት

«እማዬ፣ እኔ ግማሽ ነኝ ወይ?» ብሎ ልጅዎ ቢጠይቅዎ ምን ብለው ይመልሱለታል?

በጃፓን አገር ከአንድ ጃፓናዊ ወላጅና ከአንድ የውጭ አገር ተወላጅ የሚወለዱ ልጆች «ሃፉ» ይባላሉ። ቃሉ ከእንግሊዝኛ የተወሰደ ሲሆን ትርጉሙ «ግማሽ» ማለት ነው። እኛ «ክልስ» የምንላቸው መሆናቸው ነው። ቃሉን የሚናገረው ሁሉ ለስድብ አይናገረውም። ይሁን እንጂ አንድ ሕፃን በሠፈሩም በትምህርት ቤቱም «ግማሽ» እየተባለ ካደገ፣ የጎደለው ግማሽ የት እንደ ቀረ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄውንም አስቀድሞ የሚያቀርበው ለእናቱ ነው።

ዛሬ ለአንባብያን የምናቀርበው፣ ይህ ጥያቄ ያሳሰባቸው አምስት እናቶች በኦኪናዋ ደሴት ስላቋቋሙት ትምህርት ቤት ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኦኪናዋ በጃፓን ደቡባዊ ጫፍ የምትገኝ ደሴት ናት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ በ1945፣ በአሜሪካ ጦር ተያዘች፤ ለጃፓን የተመለሰችውም በግንቦት 1972 ነው። የጦር ሠፈሮቹ ግን በቦታቸው ቀሩ። የኦኪናዋ ክፍለ ሀገር ከጃፓን የቆዳ ስፋት አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ይሁን እንጂ በጃፓን ምድር ለአሜሪካ ጦር ብቻ ከተከለለው መሬት 70 በመቶ ያህሉ የሚገኘው በዚህችው ክፍለ ሀገር ነው። ወታደር ባለበት ትዳርም ፍቅርም መኖሩ አይቀርም፤ ልጅም ይወለዳል። ከዚያም የወታደሩ የአገልግሎት ጊዜ ሲያበቃ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል። ቤተሰቡን ይዞ የሚሄድ አለ፤ ትቶ የሚሄድም አለ። ትቶ በሄደ ጊዜ ልጁን የማሳደግ ሸክም በእናቲቱ ትከሻ ላይ ይወድቃል።

ዜግነት በአባት ብቻ

የእነዚህ እናቶች ችግር ከሕግም የመነጨ ነበር። እስከ 1984 መጨረሻ ድረስ የጃፓን የዜግነት ሕግ በጋብቻ የተወለደን ልጅ ዜግነት የሚወስነው በአባቱ ነበር። አንዲት ጃፓናዊት የውጭ አገር ሰው አግብታ ብትወልድ፣ በገዛ አገርዋ የወለደችው ልጅ በሕግ ፊት እንደ ባዕድ ይቆጠር ነበር። አባትየው ዜግነቱን ለልጁ ለማስተላለፍ የአሜሪካ ሕግ የሚጠይቀውን የመኖሪያ ዘመን ካላሟላ ደግሞ፣ ልጁ የማንም አገር ዜጋ ሳይሆን ይቀራል። በኦኪናዋ እንዲህ ያለ ዕጣ የደረሰባቸው ሕፃናት ነበሩ።

ሕጉ ተሻሽሎ ከጥር 1 ቀን 1985 ጀምሮ እናትም እንደ አባት ዜግነትዋን ለልጅዋ ማስተላለፍ ቻለች። ጃፓን በሴቶች ላይ የሚደረገውን ልዩነት ለማስወገድ የወጣውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ያጸደቀችውም በዚያው ዓመት ነው። በእኛ አገር በ1930 የወጣው የዜግነት ሕግ ከኢትዮጵያዊ አባት ወይም ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለደ ኢትዮጵያዊ ነው ይል እንደ ነበር ስናስታውስ፣ የጃፓን እናቶች ምን ያህል ዘመን እንደ ጠበቁ እንረዳለን።

ሦስት በሮች

ልጁ ዜግነት ካገኘ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ትምህርት ነው። የኦኪናዋዋ እናት በፊትዋ ሦስት በሮች ነበሩ።

የመጀመሪያው የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ክፍያ የለውም። የአንደኛ ደረጃው 6 ዓመት፣ ቀጥሎ ያለው መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ 3 ዓመት ሲሆን፣ ይህ የ9 ዓመት ትምህርት ለማንኛውም ጃፓናዊ ልጅ ግዴታ ነው። ትምህርቱ ግን በጃፓንኛ ብቻ ስለሆነ ልጁ የአባቱን ቋንቋ ቀስ በቀስ ይረሳል። መልኩ የተለየ በመሆኑም «ወደ አገርህ ሂድ» የሚለው ጓደኛ አያጣም። ልጁ ግን ከኦኪናዋ ሌላ የሚያውቀው አገር የለውም።

ሁለተኛው በጦር ሠፈሩ አጥር ውስጥ ያለው የአሜሪካኖች ትምህርት ቤት ነው። የተቋቋመው በሥራ ላይ ላሉ ወታደሮችና ሠራተኞች ልጆች ስለሆነ፣ አባቱ ትቶት የሄደ ልጅ ያለ ክፍያ ሊገባበት አይችልም።

ሦስተኛው የግል ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት ነው። በጃፓን እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች ረዥም ታሪክ አላቸው። በዮኮሐማ ወደብ ፈረንሳዊቷ መነኩሲት ማቲልድ ራክሎ በ1872 ከጓደኞቻቸው ጋር የጀመሩት ሴንት ሞር ዛሬም እያስተማረ ነው። ነገር ግን በቶኪዮና በዮኮሐማ በሚገኙት በብዙዎቹ የአንድ ልጅ የዓመት ክፍያ ከሁለት ሚሊዮን የን ይበልጣል። ከዚህም በላይ አብዛኞቹ በጃፓን ሕግ እንደ መደበኛ ትምህርት ቤት አይቆጠሩም። ስለዚህ የጃፓን ዜጋ የሆነ ልጅ በዚያ ቢማር የ9 ዓመት ግዴታውን እንደ ፈጸመ አይታይለትም፤ ወደ ጃፓን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለመግባትም ይቸገራል።

እንግዲህ አንደኛው በር የአባትን ቋንቋ ያስረሳል፤ ሁለተኛው የእናትን ቋንቋ ያስረሳል፤ ሦስተኛው ደመወዝተኛዋ እናት የማትችለውን ገንዘብ ይጠይቃል።

አራተኛው በር

በሰኔ 1998 አምስት እናቶች አራተኛ በር ከፈቱ። ቦታው ጊኖዋን ከተማ ነው፤ ፉተንማ የሚባለው የአሜሪካ የአውሮፕላን ማረፊያ በመካከልዋ ያለባት ከተማ ናት። ትምህርት ቤታቸውንም «አሜርኤዥያን» ብለው ጠሩት፤ ከአሜሪካዊና ከእስያዊ ወላጆች የተወለዱ ማለት ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛም በጃፓንኛም ይሰጣል። እናቶቹ «ግማሽ» የሚለውን ቃል ትተው «ዳቡሩ»፣ ማለትም «እጥፍ» የሚለውን መረጡ። ልጆቻችን የሁለት ባህልና የሁለት ቋንቋ ባለቤቶች ናቸው እንጂ የጎደላቸው ነገር የለም ማለታቸው ነው።

ይህ በአፍ ለመናገር ይቀላል፤ በተግባር ግን ለልጁም ብዙ ድካም አለው። ጃፓናዊ ልጅ ሂራጋና የሚባሉትን 46 መሠረታዊ ፊደላት አስቀድሞ ይማራል። እነዚህ እንደ እኛ ፊደል «ካ»፣ «ኪ»፣ «ኩ» እየተባሉ የሚነበቡ በመሆናቸው አያስቸግሩም። ከቻይና የመጡት ካንጂ የተባሉት ምልክቶች ግን በአንደኛ ደረጃ ብቻ 1,026 ናቸው። «እጥፍ» የተባለው ልጅ ይህንን እያጠና በእንግሊዝኛም ማንበብና መጻፍ አለበት። በአንዱ ቋንቋ ቢዳከም ሌላውም አብሮ እንዳይደክም፣ መምህራኑም ወላጆቹም ዘወትር መከታተል ይኖርባቸዋል።

እናቶቹ ልጆቻቸውን ሲያስተምሩ የትምህርት ባለሥልጣኖችንም ማሳመን ነበረባቸው። በጥረታቸውም ልጆቹ በየመኖሪያቸው በመንግሥት ትምህርት ቤት እንዲመዘገቡ፣ በአሜርኤዥያን የተማሩባቸው ቀኖችም እንዲቆጠሩላቸው ተደረገ። በዚህ መንገድ የ9 ዓመቱን የምስክር ወረቀት ያገኛሉ። ትምህርት ቤቱ ሀብታም አይደለም። የሚተዳደረው ወላጆች በሚከፍሉትና በጎ አድራጊዎች በሚለግሱት ነው።

ከእነዚህ ልጆች መሰሎች ምን ያህል ሊደረስ እንደሚቻል ኦኪናዋ ራስዋ ምሳሌ አላት። ዴኒ ታማኪ በ1959 ከኦኪናዋዊት እናትና ከአሜሪካዊ ወታደር ተወለዱ። አባታቸው እርሳቸው ሳይወለዱ ወደ አገሩ ሄዶ ነበር። በ2009 የጃፓን ፓርላማ አባል ሆኑ፤ በ2018ም የኦኪናዋ ገዢ ሆነው ተመረጡ፤ በ2022 ሕዝቡ በድጋሚ መርጦአቸዋል።

የቤት ድርሻ

ይህንን ጽሑፍ ሳዘጋጅ ያስታወስኩት አንድ የጎረቤቴን ቤት ነው። ልጃቸው ከአሜሪካ ለዕረፍት ስትመጣ የሰባት ዓመት ልጅዋን ይዛ መጣች። አያቲቱ ጠጋ አድርገው «ምን ልስጥህ የኔ ልጅ?» ሲሉት ሕፃኑ ዞሮ እናቱን አየ። እናቱ አስተረጐመች። አያቲቱም ሳቁ፤ ነገር ግን ቡናው ተፈልቶ እስኪያልቅ ድረስ ሌላ ቃል ሊናገሩት አልደፈሩም።

በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በእስራኤል ልጆች የሚያሳድጉ ብዙ እናቶቻችን ከኦኪናዋ እናቶች ጋር የሚመሳሰል ጥያቄ አለባቸው። እዚሁ አዲስ አበባም ልጁ እንግሊዝኛ እንዲያውቅ ሲባል በቤት ውስጥ አማርኛ የሚከለከልበት ጊዜ አለ። የጊኖዋኖቹ እናቶች አንዱን ቋንቋ ለማስተማር ሌላውን አልጣሉም። ትምህርት ቤት ለማቋቋም ሁላችንም አንችል ይሆናል። ማታ እራት ላይ ከልጃችን ጋር በቋንቋችን ማውጋት፣ አያቱ ዘንድ ወስዶ ተረት እንዲሰማ ማድረግ ግን ክፍያ አይጠየቅበትም። ልጁ አያቱ ሲጠሩት አቤት ብሎ በራሱ አፍ መመለስ የሚችለው ያን ጊዜ ነው።