የመረጃ ቋት ሰርቨር የደኅንነት ማሻሻያ በሐይቅና በአምባሰል የጤና ተቋማት ዓይን

መግቢያ

በአገራችን የጤና መረጃ አያያዝ ከወረቀት መዝገብ ወደ ኮምፒውተር መሸጋገር ከጀመረ ቆይቷል። ጤና ሚኒስቴር ለወርኃዊ ሪፖርት የሚጠቀምበት ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 መረጃውን የሚያስቀምጠው ፖስትግሬስ በተባለ የመረጃ ቋት ሰርቨር ነው። የሕሙማን ካርድ ወይም የመድኃኒት ክምችት በኮምፒውተር የሚያዝበት ተቋምም፣ ሠራተኛው ስሙን ባያውቀውም፣ ከፕሮግራሙ ጀርባ ተመሳሳይ ሰርቨር ሊኖረው ይችላል።

የማሻሻያው ምንነት

በሰርቨሩ ሶፍትዌር ውስጥ ለአጥቂ በር የሚከፍት ስሕተት ሲገኝ አዘጋጆቹ ማሻሻያ ያወጣሉ። ይሁን እንጂ ማሻሻያው ይፋ በሆነበት ዕለት ቀዳዳው የት እንደ ነበረ ለአጥቂውም ይገለጥለታል። በመሆኑም የከፋው ጊዜ ማሻሻያው በወጣበትና በተጫነበት ቀን መካከል ያለው ነው። በማቀዝቀዣ የተቀመጠ ክትባት ሕፃኑን እንደማይጠብቅ ሁሉ፣ ያልተጫነ ማሻሻያም መዝገቡን አይጠብቅም።

ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነው ስላመር የተባለው ትል ነው። ማይክሮሶፍት ለኤስ.ኪው.ኤል. ሰርቨር 2000 ማሻሻያውን ያወጣው ሐምሌ 17 ቀን 1994 ዓ.ም. ሲሆን፣ ትሉ የተሠራጨው ጥር 17 ቀን 1995 ዓ.ም. ነበር። ስድስት ወር ያህል ጊዜ ቢኖርም፣ 75,000 ያህል ኮምፒውተሮች ተለከፉ፤ አብዛኞቹም በ10 ደቂቃ ውስጥ ነው። ከተለከፉት መካከል ሰርቨሩ በሌላ ፕሮግራም ውስጥ ተካትቶ የተጫነባቸውና ባለቤቶቻቸው መኖሩን እንኳ የማያውቁ ነበሩ። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ በዊንዶውስ ላይ ባደረሰው ጥቃትም፣ ማሻሻያው ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ሳለ፣ በእንግሊዝ ቢያንስ 81 የመንግሥት ጤና ተቋማት አገልግሎታቸው ተስተጓጉሏል።

የአካባቢው ሁኔታ

ኢንተርኔትና መብራት በሚቆራረጥበት ሥፍራ ማሻሻያ በራሱ ጊዜ አይደርስም። በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደቡብ ወሎን ባዳረሰ ጊዜ በርካታ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል። ከእንዲህ ዓይነት ጥፋት በኋላ ኮምፒውተር በአዲስ ሲተካ፣ ፕሮግራሙ ለዓመታት በፍላሽ ከተቀመጠ አሮጌ ቅጂ የሚጫን ከሆነ፣ የተደፈኑት ቀዳዳዎች ሁሉ እንደገና ይከፈታሉ። በሐይቅ ወይም በውጫሌ የሚገኝ ተቋም ግንኙነቱ ደካማ ከሆነ፣ ማሻሻያውን ደሴ ላይ ከአዘጋጁ ድረ ገጽ አውርዶ፣ ትክክለኛነቱን አረጋግጦ ማምጣት ይቻላል።

ሊከተሉት የሚገባ ቅደም ተከተል

1. በተቋሙ ያሉትን ሰርቨሮች ስምና የሥሪት ቁጥር መመዝገብ፤ ኃላፊ ሰው መመደብ።
2. ፖስትግሬስ በየሦስት ወሩ መደበኛ ማሻሻያ ስለሚያወጣ፣ ቢያንስ በዚያው ልክ መከታተል። አስቸኳይ ማሻሻያ ሲወጣ ግን ተራውን አለመጠበቅ።
3. ከመጫን በፊት መጠባበቂያ ቅጂ መውሰድና ቅጂው በሌላ ኮምፒውተር ላይ በትክክል መከፈቱን መሞከር። ቅጂው በይለፍ ቃል ተቆልፎ ከሰርቨሩ ሕንፃ ውጭ ይቀመጥ።
4. ሕሙማን በማይበዙበት ሰዓት ሰርቨሩን አቁሞ መጫን፤ እስኪመለስ በወረቀት መዝገብ መሥራት።
5. ሥራው ሲያበቃ የሕሙማን ካርዶች ቁጥር ከቀድሞው ጋር መመሳከሩን ማረጋገጥ።

በአንድ ዋና ሥሪት ውስጥ የሚወጣ የፖስትግሬስ ማሻሻያ መረጃውን ማዛወር ስለማይጠይቅ ሥራው አጭር ነው። ከአንድ ዋና ሥሪት ወደ ሌላው መሻገር ግን ባለሙያና ዝግጅት ይሻል። አንድ ዋና ሥሪት ድጋፍ የሚያገኘው ለ5 ዓመት ብቻ ነው፤ ለምሳሌ የሥሪት 12 ድጋፍ በኅዳር 2017 ዓ.ም. አብቅቷል።

ማጠቃለያ

የኤች.አይ.ቪ. ወይም የአእምሮ ሕክምና ክትትል ያለው ሰው ምሥጢሩን ለሐኪሙ የሚነግረው አምኖ ነው። መዝገቡ ከካርድ ክፍል ወደ ሰርቨር መዛወሩ ይህን አደራ አያቀለውም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የሰውን መረጃ የያዘ ሁሉ እንዲጠብቀው ያስገድዳል። ስለዚህ የሰርቨሩ ማሻሻያ የኮምፒውተር ባለሙያው ብቻ ጉዳይ ተደርጎ ሊተው አይገባም፤ የተጫነበት ቀንም እንደ ክትባት ማቀዝቀዣው የሙቀት መጠን ተመዝግቦ በተቋሙ ኃላፊ ሊታይ ይገባዋል።