ስለ ሥዕል ጥገና መዝገብ ቤት

በሮም ከተማ በ1939 ዓ.ም. (ዘመኑን በዚህ ጽሑፍ ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር እጠራለሁ) በሕግ ተቋቁሞ፣ ቼዛሬ ብራንዲ የተባሉት ሊቅ በመጀመሪያው ዲሬክተርነት የመሩት ማዕከላዊ የጥገና ተቋም፣ ያረጁ ሥዕሎችንና ሐውልቶችን የሚጠግን መሆኑ የታወቀ ነው፤ ጠጋኞቹ ሥራቸውን ፈጽመው በሄዱ ጊዜ ትተውት የሚሄዱት የመዝገብ ክምችት ግን ከሥዕሎቹ የማያንስ ቅርስ መሆኑን የሚያስተውል ጥቂት ነው። ሥዕሉ ከመነካቱ በፊት፣ በጥገናው መካከልና ከጥገናው በኋላ የተነሣው ፎቶግራፍ፣ የትኛው ሙጫ በየትኛው ስፍራ እንደ ገባ የሚያመለክተው ንድፍ፣ በሊቃውንቱ መካከል የተመላለሰው ደብዳቤ፣ ይህ ሁሉ በዚያ ይጠበቃል።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ በቪቴርቦ ከተማ የሆነው ነገር ነው። ሎሬንሶ ዳ ቪቴርቦ በ1469 ዓ.ም. በሳንታ ማሪያ ዴላ ቬሪታ ቤተ ክርስቲያን፣ ማትሳቶስታ በሚባለው ጸሎት ቤት ግድግዳ ላይ የሣለው ሥዕል፣ በ1944 ዓ.ም. ከአውሮፕላን በወረደ ቦምብ ተመትቶ ከግንቡ ጋራ ረገፈ። በሌላ አገር ቢሆን ፍርስራሹ በአካፋ ተዝቆ ወደ ገደል በተጣለ ነበር፤ እዚያ ግን 20,000 ያህል ቍራጭ ከአፈሩ ተለቅሞ፣ አንዳንዱም ከጥፍር የማይበልጥ ሲሆን፣ ወደ ሮም ተጓዘ። ያንን ሁሉ ፍርፋሪ ወደ ቦታው የሚመልሰው ማን ነው? መልሱ ከጦርነቱ በፊት ተነሥተው በመዝገብ የተቀመጡት ፎቶግራፎች ነበሩ፤ እነርሱ ጐላ ተደርገው በሥዕሉ ትክክለኛ ልክ ታተሙና፣ ጠጋኞቹ እያንዳንዱን ቍራጭ ከፎቶግራፉ ጋራ እያመሳከሩ በየስፍራው አኖሩት። ቍራጭ ያልተገኘለትን ባዶ ቦታ በፈጠራ ሥዕል አልሞሉትም፤ በውሃ ቀለም፣ ቀጥ ብለው የቆሙ እጅግ ቀጫጭን መስመሮችን ጐን ለጐን አሰመሩበት እንጂ፤ ከሩቅ ለሚመለከት ሥዕሉ ሙሉ ሆኖ ይታያል፣ ቀርቦ ለሚመረምር ግን የጥንቱ ሠዓሊ እጅ የት ላይ እንዳበቃ፣ የጠጋኙም ከየት እንደ ጀመረ በግልጥ ይለያል። የጥገና መዝገብ የሚባለው እንግዲህ በወረቀት ላይ ብቻ አይደለም፤ በሥዕሉ ገጽ ላይም ይጻፋል።

ብዙ ሰው፣ ሥራው ካለቀ ወረቀቱ ከቤት ማጣበብ በቀር ምንም አይጠቅም ይላል። ይህን የሚሉ ላሊበላን ይመልከቱ። በ1954 ዓ.ም. ሴባስቲያኖ ኮንሶሌ በመሩት ጥገና፣ ከውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ የአንዳንዶቹ ግድግዳ ውሃ እንዳያሰርግ ተብሎ በሬንጅ ተለበጠ፣ በላዩም ቀይ ቀለም ተቀባ፤ አሥር ዓመት ጥቂት አለፍ ብሎ፣ ዓለም አቀፉ የሐውልቶች ፈንድ የላካቸው ሳንድሮ አንጀሊኒና ጓዶቻቸው መጥተው ያንኑ ልባስ ከድንጋዩ ላይ ለማንሣት ብዙ ደከሙ። አንጀሊኒ የሠሩትን ሁሉ ጽፈው ሪፖርታቸው በ1967 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ላይ ታትሟልና፣ ዛሬ ያንን ድንጋይ የሚመረምር ሰው ምን እንደ ተቀባና ምን እንደ ተነሣ ያውቃል። ሐኪምስ ቢሆን የታመመውን ሕፃን ከመንካቱ በፊት እናቱን «ከዚህ በፊት ምን አጠጣሽው?» ብሎ አይጠይቅምን?

ወደ አገራችን ወደ ጨርጨር ስንመለስ ነገሩ ያሳዝናል። ከጭሮ ብዙ በማይርቅ ደጋ፣ በአንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን፣ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥሎ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የኪዳነ ምሕረት ሥዕል አየሁ፤ የእመቤታችን መጐናጸፊያ ለበርና ለመስኮት በሚውለው በሚያብለጨልጨው የዘይት ቀለም ተድበስብሷል።

«መምሬ፣ ከዚህ በታች ያለው የቀድሞው መልክ እንዴት ያለ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የቀድሞውማ፣ ልጄ፣ ከዕጣኑና ከጧፉ ጢስ የተነሣ ጠቍሮ ነበር፤ አንድ ምእመን ተስሎ አሳደሰው።»

«ምን ዐይነት ቀለም እንደ ገባበት የተጻፈ ነገር ይኖር ይሆን?»

«ኧረ አለ፤ ደረሰኙ በሣጥን ተቀምጧል!»

ደረሰኙ ወጣ፤ የቀለሙ ዋጋ እስከ ሳንቲሙ ተጽፎበታል፣ የቀለሙ ዐይነት ግን የለበትም። መምሬን አልወቅስም፤ የምወቅሰው ባለ ስለቱንና በቀን ሒሳብ ተቀጥሮ የቅቡን ሥራ የያዘውን ሰው ነው፤ አንዱ የሰጠውን ብር፣ ሁለተኛው የተቀበለውን ደመወዝ ሲያስቈጥር፣ ሥዕሉ የተቀበለውን የቈጠረለት የለም።

አሰበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ጭሮን፣ የጨርጨር ዋና ከተማ አድርገው ያቋቋሙት ፊታውራሪ፣ በኋላም በጅሮንድ፣ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሕይወታቸውን ታሪክ በገዛ እጃቸው ጽፈው ትተው፣ ከሞቱ በኋላ ታትሞ ስናነበው እንኖራለን፤ የእርሳቸው ከተማ ሰዎች ሆነን ሳለን አንዲት የጥገና ማስታወሻ መጻፍ የከበደን ስለ ምን እንደ ሆነ አይገባኝም።

የጥገናን ሥራ በዐይኑ ማየት የሚወድ በሂርና በኩል ወደ ሐረር ይውጣ። አቶ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ ያቋቋሙት፣ የራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ሕንፃ ያለው ሙዚየም፣ የተበጣጠሱ የእስልምና መጻሕፍት የሚጠገኑበትና የጥንቱ የሐረር ድጕስ ሙያ እንደ ገና የሚሠራበት ስፍራ ነው፤ የገለምሶና የበዴሳ ሰዎች ከአባቶቻቸው የወረሱትን ኪታብ በፕላስተር ከመለጠፋቸው በፊት ይህን ቢያዩ መልካም ነው።

ማስታወሻ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው፣ ቀኑን፣ የጠጋኙን ስም፣ የቀለሙንና የሙጫውን ዐይነት፣ የነካውንም ስፍራ በእርሳስ በተለየ ወረቀት ይጻፍ፤ ከቀለም ቆርቆሮው ላይ ያለውን ወረቀት ልጦ ቢያያይዝበት ደግሞ የበለጠ ነው። አንዱን ግልባጭ ለቤተ ክርስቲያኑ ሰጥቶ ሁለተኛውን በሀገረ ስብከቱ ጽሕፈት ቤት ያኑር፤ በሥዕሉ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ መጻፍ ግን እባካችሁ ይቅር፤ ቀለሙ ጨርቁን ሰርስሮ ወደ ፊት ይወጣል።